ቻም ለልጁ ያሰማው ሆታ

የባንግ ክራዶንን ቦይ ከላይ እስከ ታች ብትሄዱ ቻምን የማያውቅ ሰው አታገኙም። ካገኛችሁም ትናንት የመጣ ነው። ጆሮው የማይሰማው እንኳ ያውቀዋል፤ ቻም ሆ ሲል ጀልባው ከስሩ ስለሚንቀጠቀጥ። ማጋነን አይደለም ይሄ። ይሄን ታሪክ ከኔ አፍ የተሻለ የሚያወራው ካለ ይምጣና ይቀመጥ፣ እኔ ዝም እላለሁ። እስካሁን የመጣ የለም።

ቻም ከበሮ መቺ ነው። በትከሻ የሚንጠለጠለውን፣ ቁመቱ ልጅ የሚያህለውን ረጅሙን ከበሮ ነው የሚመታው። ሙሽራ ከቤቱ ተነስቶ ወደ ሙሽሪት ቤት ሲሄድ ሰልፉን ከፊት የሚመራው እሱ ነው። ከኋላው የሙዝ ተክልና ሸንኮራ ከነሥሩ የተሸከሙ ሰዎች፣ ጣፋጩን በትሪ የያዙ ሴቶች፣ ከዚያ ደግሞ ዘመድ አዝማዱ እየጨፈረ ይከተላል። ቻም ራሱን ወደ ሰማይ ቀልበስ ያደርግና «ሆ…!» ይላል፣ እስትንፋሱ ተሟጦ እስኪያልቅ። ሕዝቡ «ሂው!» ብሎ ይመልሳል። ያኔ ከበሮው ይቀልጣል። ያለ ሆታ የሄደ ሙሽራ ሙሽራ ሳይሆን ጨው ሊገዛ የወጣ ሰው ነው፤ ቻም እንዲህ ነው የሚለው።

ከበሮው ደግሞ ዝም ብሎ አይመታም። የተቀቀለ ሩዝ ከአመድ ጋር ይታሽና ቆዳው መሀል ይለጠፋል፤ ድምፁን የሚያወፍረው እሱ ነው። ሊጡን የሚያሸው ቻም ራሱ ነው፣ ማንንም አያስነካም። ሳይዩት የምትባለው ሚስቱ «እኔ ሩዝ ሳቀርብልህ ረጠበ፣ ደረቀ ትላለህ፤ ከበሮህ አመድ ተጨምሮለት እንኳ አያጉረመርምም» ትለዋለች።

አንዴማ፣ የሩዝ አረቄው በዝቶ ነው መሰለኝ፣ ሰልፉን በሙሉ ይዞ የማያውቀው ሰው ቤት ገባ። የቤቱ ሴቶች ምን ያድርጉ? ሰልፍ ሲመጣ በር መዝጋት ነው የሚያውቁት። ያገኙትን ቀበቶ ግራና ቀኝ ይዘው መንገዱን ዘጉ።

«ማናችሁ? ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«ሙሽራ ነን! ሙሽሪትን ልንወስድ ነው!»

«ዕድሜ ልኳን ትወዳታለህ?»

ሙሽራው ላቡን እየጠረገ «እወዳታለሁ!» አለ። በሩ ተከፈተ። ደረጃው ጋ ሲደርሱ ከቤት የወጣችው ጥርስ ያልቀረላት አሮጊት ነበረች። አየት አደረገችውና «ቆየህ እኮ» አለችው። ይሄን እስከ ዛሬ በየሰርጉ ያወሩበታል፤ ቻም ግን መንገዱ ነው የተሳሳተው እንጂ እኔ አልተሳሳትኩም ባይ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ።

ቻም ያለው አንድ ልጅ ነው። ዊቱን ይባላል፣ የጀልባ ሞተር ይጠግናል። ልጁ ገና ሲድህ ቻም የሰርጉን ሆታ ተለማምዶ ጨርሷል። ለሌላ ሰው ልጅ የሚያወጣው ሆታ ሌላ ነው፤ ለዊቱን ያስቀመጠው ግን የተለየ፣ ማንም ሰምቶት የማያውቅ፣ ከሆዱ ስር ተጠቅልሎ ቀኑን የሚጠብቅ ሆታ ነው። አረቄ ሲቀምስ ስለሱ ያወራል። «እሱን የሰማችሁ ቀን» ይላል፣ «እስካሁን የሰማችሁት ማሳል ነበር ትላላችሁ።»

ዊቱን ጎረምሳ ሆኖ አንድ ጠዋት፣ ቻም ሊጡን እያሸ ሳለ፣ መጥቶ አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«አባ።»

«እ።»

«እኔ ሴት አላገባም።»

«ማን አሁን አግባ አለህ? ገና ነህ።»

«አይ፣ መቼም። እኔ የምወደው ወንድ ነው።»

ቻም ማሸቱን አላቆመም። አሸ፣ አሸ፣ ሊጡ ድንጋይ እስኪሆን አሸ። የዚያን ቀን ሰርግ ላይ ከበሮው እንደ ባዶ ባልዲ ሲጮህ ነው የዋለው። በመጨረሻ ቀና ብሎ ያለው ምን መሰላችሁ?

«ታዲያ ሆታዬን የት ላድርገው?»

ሳይዩት ማማሰያዋን ይዛ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «አንተ ሰውዬ! ልጁ ልቡን አውጥቶ ቢያሳይህ አንተ ስለ ጉሮሮህ ታወራለህ?»

«ምን ልበል ታዲያ?»

«ቁርስ በላህ ወይ በለው!»

ቻም ወደ ልጁ ዞረ። «ቁርስ በላህ?»

«አልበላሁም።»

«ብላ።»

በቃ፣ በዚህ አለቀ። ሌላ ቤት ቢሆን ስንት ለቅሶ፣ ስንት በር መወርወር ይኖር ነበር። እዚያ ቤት ግን ልጁ አንድ ሳህን የሩዝ ገንፎውን ጠርጎ በላና ሞተሩን ሊፈታ ሄደ። ቻምን ያመመው ልጁ አልነበረም። ያመመችው ያቺ ከሆዱ ስር ያለችው ሆታ ነበረች። ከየሰው ሰርግ ሲመለስ ከበሮውን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ፣ ቁጭ ብሎ ያየዋል።

ሰው አላወራም አልልም፣ አውርቷል። ሚን የሚባል ሰው አለ፣ ከቻም ጋር በየሰልፉ የናስ ሳህን የሚያጋጭ፤ አንድ ቀን ሰርግ ቤት ሰው ሁሉ እየሰማ «አጎት ቻም፣ የርስዎ ልጅ ሲያገባ ከበሮውን የማን በር ላይ ነው የምናፈነዳው?» አለና ሳቀ። የሳቁም ነበሩ።

ቻም ከበሮውን ከትከሻው አወረደ። «ያንተ ልጅ አግብቶ ፈታ፣ አግብቶ ፈታ፣ አሁን ደግሞ ሦስተኛዋን ሊፈታ ነው። ለሁሉም ሆ ያልኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ጉሮሮዬን መልስልኝና ስለኔ ልጅ እናወራለን!»

ሚን ከዚያ ወዲህ የሚያጋጨው ናሱን ብቻ ነው።

ከዚያ ፓኮርን መጣ። ፓኮርን ከቦዩ ማዶ ነው፣ ከኮኮናቱ እርሻ። በየጠዋቱ ኮኮናት ላይ ወጥቶ ከአበባው ጭማቂ ይቀዳል፤ እናቱ ፒኩን በትልቁ መጥበሻ አፍልታ ስኳር ታደርገዋለች። አንድ ቀን የጀልባውን ሞተር ይዞ ዊቱን ጋ መጣ። በሚቀጥለውም ሳምንት ይዞ መጣ። በሚቀጥለውም። ሳይዩት ሞተሩን ዞራ ዞራ አየችው።

«ልጄ፣ ይሄ ሞተር እኮ ከኔ ይሻላል። ምኑ ነው የሚጠገነው?»

ፓኮርን እስከ ጆሮው ቀላ። «ድምፅ… አለው አክስቴ።»

«ሞተር ድምፅ ከሌለውማ መቅዘፊያ ነው። ግባ፣ ሩዝ ቀርቧል።»

የሰፈሩ ገዳም ወጥ ቤት ሴቶችም መጀመሪያ ይንሾካሾኩ ነበር። ፓኮርን ለገዳሙ በዓል ስኳር ተሸክሞ እየመጣ፣ ከዊቱን ጋር ድስት ሲያጥብ ሲውል ጊዜ መንሾካሾኩ ቀረና ጭቅጭቅ ሆነ። «ለእሷ ሁለት ሰጥተህ ለኔ አንድ?» «ዊቱን፣ ያንን ልጅ አትመክረውም እንዴ? ዘንድሮ ስኳሩን አጠቆረው!» በኛ ቦይ ደግሞ የሚጨቀጨቀው የቤት ሰው ብቻ ነው፤ ለእንግዳ ፈገግታ ይበቃዋል።

ኋላ ሕጉ ወጣ። ወንድና ወንድ፣ ሴትና ሴት እንደማንም ሰው ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄደው ይፈርማሉ ተባለ። ኑድል ቤቱ ያለው ቴሌቪዥን ጠዋት ማታ እሱን ነው የሚያወራው። ሌላው ሰው ስለ ውርስ፣ ስለ ሆስፒታል ይከራከራል። ቻም ቴሌቪዥኑን አተኩሮ ሲያይ ቆየና «ሰልፍስ አለው?» ብሎ ጠየቀው። ቴሌቪዥኑ አልመለሰለትም።

ልጆቹ ሊነግሩት የመጡ ዕለት ነገሩን አላስጨረሳቸውም። ዊቱን «አባ፣ እኔና ፓኮርን ልን…» ሲል ቻም ወንበር ላይ ወጥቶ ከበሮውን እያወረደ ነው። «መቼ ነው? የሙዙን ተክል ማን ይይዛል?» ሳይዩት የወንበሩን እግር ይዛ «ውረድ፣ ትሰበርና ሰርጉ ለቅሶ ይሆናል» ትላለች።

ቻም፣ ሳይዩትና ልጆቹ በቀጠሮ ተሻግረው ፒኩን ቤት ሄዱ። ፒኩን ዕድሜዋን ሙሉ ስኳር ያማሰለች ሴት ናት፤ ክንዷ የጀልባ መቅዘፊያ ነው የሚመስለው። ባሏ የሞተው ፓኮርን ሕፃን ሳለ ነው፣ ልጁን ያሳደገችው በዚያ መጥበሻ ነው። ቆማ እያማሰለች ተቀበለቻቸው።

«ይቀመጡ ወንድም ቻም። ዛሬ ስኳሩ ሊደርስ ነውና ማማሰሌን ካቆምኩ ያርርብኛል፤ እንዳይቀየሙኝ።»

«ምን ገዶን እህት ፒኩን። እንግዲህ ቀኑን የገዳሙ አለቃ ቆርጠውልናል። መልካሙ ሰዓት ጠዋት ነው፣ ፀሐይዋ የኮኮናቱን ጫፍ ሳትለቅ። እኛ ከበሮአችንን ይዘን በድልድዩ እንመጣለን። እናንተ በር ዘግታችሁ ትጠብቁናላችሁ።»

ማማሰያው ቆመ።

«ማን ነው በር የሚዘጋው?»

«እርስዎ ነዎታ።»

«ለምን ሲባል?»

«ሙሽራው እኛ ጋ ስለሆነ።»

«እኔ ጋ ያለው ታዲያ ምንድን ነው፣ ድንች?»

ቻም ይሄን አላሰበበትም ነበር። ይሄን ሁሉ ዘመን ሰልፍ ሲመራ መንገዱ አንድ ነው፤ ከሙሽራ ቤት ወደ ሙሽሪት ቤት። አሁን በሁለቱም ጫፍ ሙሽራ ቆሟል።

«ዊቱን በዕድሜ ይበልጣል» አለ።

«በሁለት ወር!»

«ቁመቱም…»

«ሰልፉ ኮኮናት ለቀማ ነው እንዴ የሚሄደው? እሱ ከሆነማ የኔ ልጅ ይውጣ!»

ሳይዩት ማስታረቅ ፈለገች። «ቆይ፣ ማን ነው ማንን እንጋባ ብሎ የጠየቀው? የጠየቀው ይሂድ።»

ልጆቹ ተያዩ። ዊቱን አንገቱን አከከ። «ጀልባ ላይ ነበርን። ሁለታችንም እኩል ነው ያወጣነው፤ በሞተሩ ጩኸት ማንም ማንንም አልሰማም።»

«ከዚያ ሞተሩን አጠፋንና ደገምነው» አለ ፓኮርን። «አሁንም እኩል።»

በዚህ መሀል ስኳሩ አረረ። ፒኩን ስኳር ስታሳርር ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። ጭሱ ቤቱን ሞላው።

«አየህ? ስኳሬን አሳረርክብኝ!»

«ማማሰሉን ያቆምሽው አንቺ!»

እርስዎ የሚባለው ነገር እዚያው መጥበሻ ውስጥ አብሮ አረረ።

«እኔ በር ዘግቼ ልቀመጥ? አንድ ልጄን ድሬ? በሰልፍ ነው የምሄደው፣ በጃንጥላ!»

«ሆ የሚልልሽ ማን ሊሆን?»

«ያንተን ሆታ ደግሞ የማላውቀው መሰለህ? ዝይ ጭራዋን ስትረገጥ ነው!»

«አንቺስ ስትጨፍሪ አይቼሽ የለ? በርሜል ደረጃ ሲወርድ!»

ሳይዩት ዓይኗን ጨፈነች። ዊቱን ተነስቶ ቆመ፤ ያ ዝምተኛ ልጅ። «በቃ! ካልተስማማችሁ እኔና ፓኮርን በሞተር ሳይክል ወረዳ እንሄዳለን፣ በቁምጣ እንፈርማለን፣ ኑድላችንን በልተን እንመለሳለን። ሰልፍ የለም። ሆታም የለም።»

«በቁምጣ?»

«በቁምጣ፣ አባ።»

ተኮራርፈው ተለያዩ። ቀኑ እየቀረበ ነው፣ ቻምና ፒኩን አይነጋገሩም። ቻም ግን ዝም ብሎ የሚሸነፍ ሰው አይደለም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አዲስ ክርክር አገኘሁ ብሎ፣ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አልነገረንም፣ በጀልባ ብቻውን እየቀዘፈ ተሻገረ። የኮኮናቱ እርሻ ዳር ሲደርስ ድምፅ ሰማ። ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ ቢያይ ፒኩን ናት።

የአበባ ቀሚሷን ለብሳለች። የስኳር ትሪ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ይዛ በኮኮናቶቹ መሀል ብቻዋን ትጨፍራለች። ሁለት እርምጃ ወደፊት፣ አንድ ወደኋላ፣ ዞር። ዶሮዎቿ ተሰልፈው ይከተሏታል። ዞር ብላ ዶሮዎቹን ትቆጣለች፣ «ሂው በሉ እንጂ! ምን ዝም ትላላችሁ!»

ቻም ሊስቅ ነበር። ሳቁ መሀል ላይ ቆመ። ትዝ አለው። ፒኩን ስታገባ አባቷ ሰውየውን እምቢ ስላለ፣ ልብሷን በጥቅል ይዛ በጀልባ ነው የተሻገረችው። ሰልፍ መጥቶላት አያውቅም። የወንድም የእህት ልጅ ስለሌላት ከቤቷም ወጥቶላት አያውቅም። እሱ ቻም ስንቱን ሰልፍ ሲመራ እሷ ቦዩ ዳር ቆማ፣ ማማሰያ ይዛ፣ ሲያልፍ ታይ ነበር። አሁን ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ አንድ ሰልፍ አገኘች፤ እሱን ነው ሊነጥቃት የመጣው።

ጀልባውን አዞረ። ቤቱ ደርሶ ሳይዩት ፊት ቆመ።

«ያቺ ሴትዮ ትምጣ። እኛ በር እንዘጋለን።»

ሳይዩት ግንባሩን ዳሰሰችው። «አሞሃል?»

«አላመመኝም። ለማንም እንዳታወሪ፣ በዕለቱ ድንገት ይሁንላት። ቻም ተሸነፈ እንዳይባል፤ ሰጠ ይባልልኝ።»

«ሆታህስ?»

ቻም ከበሮውን አየ። «በር ላይ ሆ አይባልም» አለና ወጣ።

ለፒኩን የላከው ቃል «በቀኑ ታይዋለሽ» የሚል ብቻ ነው። የእሷም መልስ «እሱም በቀኑ ያየዋል» የሚል ነበር። ሚንንና ከበሮ መቺዎቹን ጠርቶ «ጠዋት ድልድዩ ላይ ጠብቁ። ፒኩን ከነሰልፏ ስትመጣ ተቀብላችሁ እስከ ቤቴ አጅባችሁ አምጧት። አደራ፣ ሞቅ አድርጉላት» አላቸው። ዊቱንም የአባቱን ምስጢር ያውቃል፤ ፓኮርንን ሊያስደስተው ፈልጎ ትንፍሽ አላለም።

የሰርጉ ቀን ቻም የሐር ሸሚዙን ለብሶ በሩ ላይ ተቀመጠ። አክስቶቹ የብር ቀበቶና የወርቅ ቀበቶ ግራና ቀኝ ይዘው መንገዱን ዘግተዋል። ደረጃው ስር የሙዝ ቅጠል ተነጥፏል፣ የሙሽራ እግር ማጠቢያ ውሃ ተቀድቷል። ሁሉም ጆሮውን አቁሟል።

«መጡ?»

«ዳክዬ ነው።»

ጠበቁ።

«አሁንስ?»

«ያው ዳክዬ።»

ፀሐይዋ ኮኮናቱ ላይ መውጣት ጀመረች። አክስቶቹ እጃችን ዛለ አሉ። የወርቁን ቀበቶ አጥሩ ላይ አስረው ማረፍ ፈለጉ፤ ቻም ተቆጣ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። «ተቀይማ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «በርሜል ያልኳት ነው። የልጄን ቀን በአፌ አበላሸሁት።» ሳይዩት ልትሰድበው አፏን ከፍታ ፊቱን ስታይ ተወችው።

የዊቱን ስልክ ጮኸ።

«የት ናችሁ?» አለ ፓኮርን። የስልኩ ድምፅ ትልቅ ስለሆነ ሁሉም ይሰማዋል። «እግርህን አጥባለሁ ያለችው የአባቴ ወንድም ልጅ እንቅልፍ ወሰዳት!»

«እንዴት የት ናችሁ? እናንተ ናችሁ የምትመጡት!»

«እናንተ እንጂ! እማማ በር ዘግታ ከንጋት ጀምሮ ተቀምጣ የለም እንዴ? ለአጎት ቻም ለቅቄለታለሁ፣ ግን በድንገት ይሁንለት ብላ!»

ቻም ስልኩን ከልጁ እጅ ነጠቀ። «ለምን? ለምን ለቀቀችልኝ?»

«ገዳሙ ጀርባ ሆታዎን ሲለማመዱ ሰምታዎት ነው አጎት ቻም። ስኳር ልታደርስ ሄዳ። መሀል ላይ ድምፅዎ ተቆርጦ እንዳለቀሱ…»

«አላለቀስኩም! ትንኝ ገብታብኝ ነው!»

ከስልኩ ወዲያ የፒኩን ድምፅ ተሰማ። «ትንኝ ናት በለው፣ ይሁንለት!»

ቻም ከወንበሩ ተፈናጠረ። «ተነሱ! ሁላችሁም! ድልድዩ ጋ!»

«በሩስ?» አለች ሳይዩት።

«ይዛችሁት ኑ!»

«በር ተይዞ ይሮጣል እንዴ?»

ተሮጠ! አክስቶቹ ቀበቶዎቹን እንደወጠሩ፣ አንዷ ስትደናቀፍ ሌላዋን እየጎተተች። ቻም የሙዝ ተክል አላዘጋጀም፣ ተቀባይ ነበራ፤ እየሮጠ ከጓሮ አንዱን ከነሥሩ ነቀለ። «ሊያፈራ የደረሰውን!» ብላ ሳይዩት ከኋላ ትጮሃለች። ዊቱን የሐር ልብሱን ሰብስቦ ከፊት።

ድልድዩ ጠባብና ጎባጣ ነው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ብቻ ያሳልፋል። ሚንና ከበሮ መቺዎቹ ጉብታው ላይ ተቀምጠዋል። ማንም ሳይመጣ ሲቀር ለከበሮ የመጣውን ሩዝ በደረቅ ዓሣ በልተው ጨርሰዋል። በወዲያኛው ጫፍ ፒኩን በጃንጥላ፣ ከኋላዋ የእርሷ ሴቶች የእነሱን ቀበቶ ወጥረው፣ ያለከልካሉ። በዚህኛው ቻም የሙዝ ተክሉን እንደ ጦር ይዞ። በሁለቱም በኩል በር ተዘግቷል።

«እለፊ እህቴ» አለ ቻም።

«እለፍ ወንድሜ። እኔ በር ነኝ» አለች ፒኩን።

«በሩስ እኔ ነኝ! አንቺ ሰልፍ ነሽ!»

«ኧረ አይሆንም! ዛሬ ያንተ ቀን ነው!»

«ያንቺ ነው አልኩሽ!»

«ኡ ኡ!» አለ ሚን ሰማዩን እያየ። «ፀሐይዋ ልትለቅ ነው! ከሁለት አንዳችሁ ሰልፍ ሁኑልን!»

ልጆቹ መረራቸው። ዊቱን በዚህ፣ ፓኮርን በዚያ፣ ጎንበስ ብለው በቀበቶዎቹ ስር ሾለኩና ጉብታው ላይ ተገናኙ። እጅ ለእጅ ተያያዙ።

«ኧረ ጥያቄው!» ብላ ጮኸች ከአክስቶቹ አንዷ። «ሳይጠየቁ አለፉ!»

ከሁለቱም በኩል ሴቶቹ ጠየቁ። «እስከ መጨረሻው ትወደዋለህ?»

«እወደዋለሁ!» አሉ። እንደልማዳቸው፣ እኩል።

ሰው ሁሉ ወደ ቻም ዞረ። «ሆታው፣ አጎት ቻም!» አለ ሚን። ቻም ራሱን ቀልበስ አደረገ፣ አፉን ከፈተ። ምንም። እንደገና ከፈተ። ለስንቱ ሰው ልጅ የወጣ ድምፅ ለገዛ ልጁ እምቢ አለ። ያቺ ከሆዱ ስር የነበረችው ሆታ ጉሮሮው ላይ መጥታ ተወትፋለች። ሳይዩት ጀርባውን ታሸዋለች፣ ሕዝቡ መሬት መሬት ያያል።

ፒኩን ሰዓቱ እንዳያልፍ ብላ «በሉ የምርቃቱ ውሃ ይቅደም!» አለች። ውሃ የሚፈስበት ትልቁ ዛጎል እቤት ቀርቷል፤ ወገቧ ላይ የሸጎጠችውን የስኳር ጭልፋ አወጣች። ልጆቹ እጃቸውን በአንድ ላይ ዘረጉ። ቻም ከቦዩ የተቀዳ ውሃ በጭልፋው አፈሰሰላቸው። ውሃው በጣታቸው መሀል ወርዶ፣ በድልድዩ ስንጥቅ አልፎ፣ ወደ ታች።

ከታች ጩኸት ተሰማ።

«ማነው ኑድሌ ላይ ውሃ የሚያፈስ?!»

በጀልባ ኑድል የምትሸጠዋ አክስት ያኤም ናት፤ ምላሷን የማይፈራ የለም። ሳይዩት ጎንበስ ብላ «ሰርግ ነው!» አለቻት።

«የማን ሰርግ?»

ቻም ከድልድዩ መደገፊያ በላይ ተንጠልጥሎ «የልጄ!» አለ። ድምፁ እንደ ዝገት ነው የወጣው።

«ሙሽሪትስ የታለች?»

ልጆቹ እጃቸውን እንደያዙ ቀሩ።

«የለችም!» አለ ቻም። «ሁለቱም ሙሽሮች ናቸው!»

ያኤም መቅዘፊያዋን ጀልባው ላይ አስተኛች። ዓይኗን ከፀሐይ ጋርዳ ወደ ላይ አየች። «ዊቱን ነህ? ሞተሬን የሠራህልኝ?»

«ነኝ አክስቴ።»

«ከዚያ ከስኳሩ ልጅ ጋር?»

«አዎ።»

ሴትዮዋ ወገቧን ይዛ ቆመች፣ ጀልባዋ ወደ ጎን እስኪያጋድል። «እና እኔ ሳልጠራ? ዕድሜዬን ሙሉ በበራችሁ እየቀዘፍኩ፣ የናንተን ሆድ እየሞላሁ፣ ሳልጠራ ነው ሰርግ? ሚን ተጠርቶ እኔ አልጠራ! እናንተ ሰዎች አታፍሩም?»

«ተጠርተሻል!» ብላ ጮኸች ፒኩን። «ጀልባሽን እሰሪና ነይ! ኑድሉንም ይዘሽ!»

ቻም ሳቀ። ሰውነቱ በሙሉ ሳቀ፣ የሙዙ ተክል ከእጁ ወደቀ። ሳቁ መሀል ያ የተወተፈው ነገር ተነቀለ። «ሆ…!» አለ። ረጅም፣ ረጅም፣ ቦዩን ይዞ የሚወርድ ሆታ። እስትንፋሱ ሲያልቅበት ፒኩን ከአፉ ተቀብላ ቀጠለችው፣ በዚያ ማማሰያ ባሳደገው ደረቷ። በዚህ ጫፍ፣ በዚያ ጫፍ፣ ከታችም ከጀልባው «ሂው!» ተባለ። ሚን ናሱን አጋጨ። ፒኩን ጃንጥላዋን ጥላ ሁለት እርምጃ ወደፊት፣ አንድ ወደኋላ፣ ዞር አለች።

ሁለቱም ቤት ለእንግዳ የተሠራ ምግብ ስለነበር በሁለቱም ተበላ፤ ሰልፉ ቀኑን ሙሉ ድልድዩን ሲሻገርና ሲመለስ ዋለ። ሆታውን የሰማ ሁሉ እንደዚያ ያለ ሰምቼ አላውቅም ይላል። መሀል ላይ ድምፁ ትንሽ ተሰንጥቋል የሚሉም አሉ። ቻምን ብትጠይቁት ትንኝ ናት ይላችኋል።